ድጋሚ መለመን ክልክል ነው

በ2084 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ የሕንጻ በር ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሙ። አንደኛው የዚህ ታሪክ ባለቤት አቶ ያብስራ ናቸው፤ ሁለተኛው የአራተኛ ፎቅ ነዋሪው አቶ ናሆም። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አቶ ያብስራ "ይግቡ" አሉ። አቶ ናሆም "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" አሉ። ድሮ ቢሆን ነገሩ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ፣ አንዱ የሌላውን ክንድ ይዞ ገፋ አድርጎ፣ ሁለቱም እየሳቁ ይገቡ ነበር። አሁን አንድ ጊዜ የተባለን ነገር መድገም ክልክል ነው። ሁለቱም የየድርሻቸውን አንድ አንድ ጊዜ ብለው ጨረሱ። ቀድሞ መግባት ደግሞ ነውር ነው፤ ነውርን የሚያነሳ ሕግ ገና አልወጣም።

በመጨረሻ የሕንጻው ጥበቃ መጥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ሁለቱንም ጎን ለጎን አስገባቻቸው። ለዚሁ ሥራ ተብላ የተቀጠረች ናት። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌዎች ታስገባለች፣ ከሰዓት ታስወጣለች።

የዚህ ሁሉ ምክንያት አርፋዝ ናት። አርፋዝ ሦስት ጨረቃ ያላት፣ ዘንዶ የሚታለብባት፣ ፈረሰኞቿ ቀንድ ያላቸው፣ ሰው በኮምፒውተር ጨዋታ የሚገባባት የፈጠራ መንግሥት ናት። ከሀገሩ ሰው ግማሹ ቀኑን እዚያ ይውላል፤ ሌላው ግማሽ እዚያ ለሚውሉት ምሳ ያቀርባል። አርፋዝን የሠራው ድርጅት መጀመሪያ ላይ ሁሉን ነገር ከራሱ ጭንቅላት አፈለቀው። ሰው ገብቶ አየና አዛግቶ ወጣ። ዘንዶው ያስፈራል፣ ግን አይታመንም። ኋላ አንድ ሠራተኛ የዘንዶውን ጠባቂ ልክ እንደ ጥንት የሚኒባስ ረዳት በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ፣ በሌላው የዘንዶውን ጎን እየደበደበ "ሂድ" እንዲል ቢያደርገው፣ ሕዝቡ "ይሄማ እውነት ነው" ብሎ ግልብጥ ብሎ ገባ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ደራሲ መቅጠር አቆመ። የሚቀጥረው ዝርዝር ለቃሚ ነው።

ዝርዝር ለቃሚዎች በየከተማው እየዞሩ ሰው ሳያስበው የሚያደርገውን ነገር ይለቅማሉ። ችግሩ፣ ያው ነገር ሁለት ቦታ ከኖረ ይረክሳል ተባለ። ደብረ ብርሃን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ በነፃ የሚታየውን ማን ብሎ አርፋዝ ድረስ ይሄዳል? ስለዚህ አንድ ነገር ወደ አርፋዝ ሲገባ ከዚህ ለአርባ ዓመት ይወጣል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ "እሺ" ማለት ለውሃ መናፍስት ስለተሰጠ፣ የሀገሩ ሰው አሁን አንገቱን እየነቀነቀ ነው የሚስማማው። አስተናጋጅን በጭብጨባ መጥራት ለዘንዶ መጥሪያ ሆነ፤ ካፌ የገባ ሰው አስተናጋጁ በራሱ ፈቃድ ዞር እስኪል ይጠብቃል። ትከሻ ለትከሻ ተጋጭቶ ሰላም መባባል ባለ ሁለት ራስ ተዋጊዎች ዘንድ ሄዷል። እዚያ አራት ራስ እየተጋጨ ብዙ ሰው ይጎዳል አሉ፣ ግን ተወዷል።

ሕጉን የምታስከብረው ኮሌታ ላይ የምትለጠፍ የስንዴ ፍሬ የምታክል አድማጭ ናት። በደብዳቤ ላይ ስሟ "የባህል ሀብት ተከታታይ" ነው። ሕዝቡ ቅማል ነው የሚላት። የተሸጠ ነገር ያደረገ ሰው ላይ ጢጥ ብላ ትቀላለች፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተመዝግቧል።

አቶ ያብስራ በዚህ ሁሉ ውስጥ ተራ ሰው ናቸው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ኖረው፣ መኪና ራሱን መንዳት ሲጀምር ጡረታ ወጡ። ግን አንድ ስጦታ ነበራቸው፤ እንግዳ ማብላት ያውቁ ነበር። ወጥ ሠርተው አይደለም፤ ወጡን ባለቤታቸው ወይዘሮ ሃሴት ትሠራው ነበር። የእሳቸው ሥራ መለመን ነበር። እንግዳው "አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" ሲል "እሱ የትናንት ነው" ይላሉ። "ጠገብኩ" ሲል "በሞቴ" ይላሉ። "አልችልም" ሲል "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ" ይላሉ። ከዚያ ጉርሻውን ጠቅልለው አየር ላይ ይዘውት ይቆያሉ፤ ክንዳቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ወጡ በእጃቸው ላይ እስኪወርድ፣ እንግዳው ከማዘኑ የተነሳ አፉን እስኪከፍት ድረስ። ከሳቸው ቤት ሳይበላ የወጣ ሰው የለም። ሁለት ሰዎች በልተው ታመዋል፤ ሁለቱም ተመልሰው መጥተዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት ወይዘሪት ይመናሹ የምትባል ዝርዝር ለቃሚ ቤታቸው መጣች። (የዚህ ዘመን ወጣቶች ይመናሹ፣ ደምመላሽ፣ አስካለ ነው የሚባሉት። ያብስራና ሜላት የተባለው ትውልድ አድጎ ልጅ ሲወልድ የቅድመ አያት ስም ፋሽን ሆኖበት ነበር።) ምግብ ቀረበላት። "አይ፣ በልቻለሁ" አለች። ሥራዋ ነውና አውቃ ነው ያለችው። አቶ ያብስራ የእድሜያቸውን ችሎታ ሁሉ አወጡ። አራት ጉርሻ አጎረሷት። ይመናሹ አፏን እየጠረገች፣ አርፋዝ ውስጥ ጎራዝ የሚባል ባለ ሦስት ሜትር የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት እንዳለ፣ ፈረሰኞች እየገቡ ሳይበሉ እንደሚወጡበት፣ ይህ የሳቸው ልመና ለጎራዝ ቢሰጥ ዓለም የሚያውቀው እንደሚሆን አስረዳቻቸው። አቶ ያብስራ ሙገሳ አይችሉም። ጣታቸውን አስቀምጠው ፈረሙ። የምስክር ወረቀቱን ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀሉት።

የፈረሙት ወረቀት ላይ "በራሴና በመሰሎቼ ስም" የሚል ነበረበት። መሰሎቻቸው ሕዝቡ በሙሉ መሆኑ የታወቀው በሁለተኛው ሳምንት ነው። በየሕንጻው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ማንኛውም ሰው ማንኛውንም ሰው በአንድ ጉዳይ ከአንድ ጊዜ በላይ መለመን፣ ግድ ማለት፣ በሞቴ ማለትና ጉርሻ አየር ላይ ይዞ መቆየት ለአርባ ዓመት ክልክል ነው። አንድ ጊዜ የደገመ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ሁለተኛ ጊዜ የደገመ ሠራተኛ ከሥራው ይነሳል፤ ጡረተኛ ከሆነ ክረምቱን የቤቱ ማሞቂያ ይዘጋል። ለአዋላጆች ብቻ "ግፊ" የሚለውን ቃል እንዲደግሙ በልዩ ደብዳቤ ተፈቀደ።

እምቢ ማለትን ግን ማንም አልገዛውም። ድርጅቱ አስቦበት ነበር አሉ። ፈረሰኞቹ እምቢ እያሉ ሲያስቸግሩ ተጫዋቹ ስለሚሰለቸው ተወው። እምቢታ ለሕዝቡ ቀረለት።

እንግዲህ አስቡት። እንግዳው እንደ ጨዋ ሰው አንድ ጊዜ "አይ፣ በልቻለሁ" ይላል፤ አስተናጋጁ ሳህኑን ያነሳል። እንግዳው አፉን ከፍቶ ሳህኑን በዓይኑ ይሸኛል። ሠርግ ላይ አምስት መቶ ሰው ተጠርቶ አምስት መቶ ሰው እየተራበ ይመለሳል፤ የተረፈው ለውሻ ይሰጣል፣ ውሻ እምቢ አይልም። የደብረ ብርሃን ውሻ በዚያ ዓመት እንዴት እንዳማረበት ያየ ያውቃል። ሰው ባንዴ እሺ ቢል አይቀለውም ወይ የሚል ካለ፣ ያ ሰው እዚህ ሀገር አላደገም።

የሕንጻው ሰው አቶ ያብስራን ማኩረፍ ጀመረ። የሁለተኛ ፎቋ ወይዘሮ ሜላት ብቻ ፊት ለፊት ነገሯቸው።

"አንተ ነህ ያስራብከን" አሏቸው። "በወረቀት ልብህ ቀልጦ።"

"እኔ የራሴን ነው የሰጠሁት።"

"የራስህ? እኔ እናትህን ባላውቃት ጥሩ ነበር። ከሷ የሰረቅከውን ነው የሸጥከው።"

ነገሩ ቀልድ መሆኑ ያበቃው ወይዘሮ ሃሴት ስትሞት ነው። ከተፈረመ ዓመቱ ነበር። ሐዘንተኛ ሰው አልበላም ይላል፤ ከጥንትም እንዲያ ነው። የሚበላው ጎረቤት ከቦ፣ ተቆጥቶ፣ ለምኖ፣ አልቅሶ ሲያበላው ነው። ለቀስተኛው ምግብ ይዞ መጣ። አቶ ያብስራ "አልበላም" አሉ። ለቀስተኛው ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ሳህኑን አነሳ። ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። የሚወዷት ሚስታቸው ሞታ እሳቸው የሚያስቡት የቀረበውን ምስር ወጥ ነበር፤ ለዚህም በራሳቸው አፈሩ። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ሜላት ሳህኑን ፊታቸው አስቀምጠው "ብላ" አሉ። "አልበላም" አሉ አቶ ያብስራ። ወይዘሮ ሜላት "ብላ ብዬሃለሁ" አሉ። ቅማላቸው ጢጥ አለች፣ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። አቶ ያብስራ ያን ቀን በሉ፣ እየበሉም አለቀሱ።

ይሄው ሁለት ዓመት ሆነ። አቶ ያብስራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ጉልበታቸው ብርዱን አልቻለውም። ካልሲ በካልሲ ደርበው ይተኛሉ። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ አስካለ። አርባ ምንጭ አዋላጅ ናት፣ የአራት ዓመት ልጅ አላት። በጥር አጋማሽ ደወለች።

"አባዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። የማወራህ ነገር አለኝ።"

የምታወራውን ያውቁታል። ወይዘሮ ሜላት ከአስካለ ሰምተው አስቀድመው ሹክ ብለዋቸዋል፤ አስካለ በሐይቁ በኩል ያለውን ክፍል ቀለም አስቀብታለች፣ ለጉልበታቸው የሚሆን ዝቅ ያለ አልጋ ገዝታለች፣ ና ከኛ ጋር ኑር ልትላቸው ነው። አቶ ያብስራ ይህን ሲሰሙ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ፊታቸውን እንዳያዩባቸው። በዚህ ምድር ላይ የቀራቸው አንድ ምኞት ይሄ ነበር። ሙቀት፣ ልጃቸው፣ የልጅ ልጅ ኮቴ። ግን እኔ ልምጣ ማለት አይታሰብም። ሳይለመን ሰው ቤት የሚሄድ ማን ነው? ሲለመኑስ? አንደኛው ላይ እምቢ፣ ሁለተኛው ላይ ለዘብ ያለ እምቢ፣ ሦስተኛው ላይ "እንግዲህ ካልሽ ምን አደርጋለሁ"። እንዲህ ነው የሚያውቁት። አባታቸውም አያታቸውም እንዲህ ነው የሄዱት፣ የተዳሩት፣ የተሾሙት።

አስካለ ሦስት ጊዜ ከለመነች ከሥራዋ ትነሳለች። ይህንንም ያውቃሉ።

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ሕጉን ወደሚያስፈጽመው የምናብ ግብዓት ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ደምመላሽ የሚባል ወጣት ኃላፊ ተቀበላቸው።

"አባባ፣ ድጋሚ ልመና ለግለሰብ አይፈቀድም" አለ፣ ቅጹን ገና ሳያነብ።

"እኔ አይደለሁም የምለምነው። እኔ እንድለመን ነው ፈቃድ የምፈልገው።"

"ማን ነው የሚለምንዎት?"

"ልጄ።"

"ምን ብላ?"

አቶ ያብስራ ይህን ለማያውቁት ሰው መናገር ከበዳቸው። "አንድ ነገር ብላ" አሉ።

"ታዲያ አንዴ ስትልዎት እሺ አይሉም?"

አቶ ያብስራ ልጁን ትክ ብለው አዩት። "አባትህ በሕይወት አሉ?"

"አሉ።"

"ምግብ ስታቀርብላቸው ባንዴ ይበላሉ?"

ደምመላሽ ትንሽ አሰበ። "ከስተዋል" አለ።

 ከዚያ ደምመላሽ ጉሮሮውን ጠርጎ መፍትሔ አቀረበ። አስካለና አቶ ያብስራ አርፋዝ ገብተው ቢገናኙ፣ እሷ የጎራዝን ግዙፍ አካል ለብሳ የፈለገችውን ያህል ልትለምናቸው ትችላለች፤ እዚያ ሕጋዊ ነው።

"እዚያ እሺ ካልኳት አርባ ምንጭ ትወስደኛለች?"

"አይ፣ እዚያ የተባለ እሺ እዚህ አይጸናም። ግን ጥሩ ስሜት ይሰጣል ይላሉ።" ፔርሙሱን አነሳ። "ሻይ ልቅዳልዎት?"

"አይ፣ ጠጥቻለሁ" አሉ አቶ ያብስራ፤ ጠዋት ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ደምመላሽ ፔርሙሱን መልሶ አስቀመጠው።

የቀረው ልምምድ ብቻ ሆነ። ሐሙስ ወይዘሮ ሜላት ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

"እሺ ማለት እኮ ነው። ሁለት ፊደል ናት። ልጋብዝህ፣ እሺ በለኝ፣ በቃ።"

"ጋብዢኝ።"

"ሻይ ጠጣ።"

"አይ፣ ይቅርብኝ።"

ወይዘሮ ሜላት አንድ ማስጠንቀቂያ ስላለባቸው ሻይን መድገም አይችሉም። በየጊዜው ሌላ ነገር መጋበዝ ነበረባቸው። ዳቦ አሉ፤ አቶ ያብስራ ጥርሴን ያመኛል አሉ። ብርድ ልብስ አሉ፤ አለኝ አሉ። ትራስ፣ ማር፣ ድመት፣ የግድግዳ ሰዓት። ሁሉንም እምቢ። ግብዣቸው እያለቀ ሄደ፣ ወይዘሮ ሜላትም እየተናደዱ።

"የሞተውን የአጎቴን ጫማ ውሰድ" አሉ በስምንተኛው።

"እሺ" አሉ አቶ ያብስራ።

ሁለቱም ደነገጡ። ጫማው ሁለት ቁጥር ይጠባቸው ነበር፤ ግን ይዘውት ሄዱ፤ አርብ ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ቆመው "እሺ ልጄ፣ እሺ ልጄ" ሲሉ ዋሉ። እሺ ማለት መድገም አልተከለከለም። ቅዳሜ ጠዋት ሲነሱ አፋቸው ላይ እንደ ከረሜላ ትንቀሳቀስ ነበር።

አስካለ ረፋድ ላይ ደረሰች። ከእናቷ ግንባሯን ወርሳለች፤ ስትገባ አቶ ያብስራ ለአፍታ ሃሴትን ያዩ መሰላቸው። ምሳ አቀረቡ። "ብይ ልጄ" ሲሏት ባንዴ "እሺ" ብላ በላች። ቅር አላቸው፤ አስተዳደጓን የዘነጋች መሰላቸው። ቆይተው ግን ለሕጉ ብላ መሆኑን አስታወሱና አዘኑላት። ስትጨርስ እጇን ታጥባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ከዚህ ብርድ ላወጣህ ብዬ ነው የመጣሁት። ክፍልህን አዘጋጅቼልሃለሁ። ና ከኛ ጋር ኑር።"

እሺ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበረች። አርብ ሙሉ ያሹዋት፣ የሰለጠነች እሺ። አፋቸውን ከፈቱ።

"አይ ልጄ፣ እኔ ምን ሆኜ" አለ አፋቸው። "አንቺ ሥራ አለሽ፣ ልጅ አለሽ፣ እኔን ደግሞ ምን ልታደርጊኝ። እዚሁ ይሻለኛል።"

እንዴት እንደወጣ አያውቁም። እሺ ከኋላ ተገፍትራ ቀረች፤ የሰባ ትውልድ ጨዋነት ቀድሟት ወጣ።

 አስካለ ኮሌታዋን በጣቷ ነካ አደረገች። ተነስታ ሳህኖቹን አጠበች። የመድኃኒት ዕቃቸውን አየች፣ የተቀደደ ካልሲ ሰፋች፣ መስኮቱ የሚያስገባውን ንፋስ በጨርቅ ወተፈች። አቶ ያብስራ ከክፍል ክፍል ተከተሏት። የማያስፈልግ ነገር ያነሳሉ፣ ያስቀምጣሉ። አንድ ጊዜ ሆን ብለው ጉልበታቸውን ይዘው አቃሰቱ። ልጅቷ ዞር ብላ አየቻቸው፣ ከንፈሯን ነክሳ ወደ መስኮቱ ተመለሰች። ሥራዋን ይወዱላታል። ስንት ሕፃን በእጇ ወጥቷል። ዝም ማለቷን የሚቀየሙበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ሆኖም ተቀየሙ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸኟት። መኪናው በር ላይ ቆሟል። አስካለ አቅፋ ሳመቻቸው፣ በሩን ከፈተች፣ አንድ እግሯን አስገባች። ከዚያ እግሯን መልሳ አወጣችው። ፊታቸው ቆመች፤ የጃኬታቸውን ሁለት ክንፎች ያዘች።

"አባዬ" አለች። "በሞቴ። አፈር ስሆንልህ። ና።"

ቅማሏ ጢጥ አለች። ኮሌታዋ ላይ ቀይ ነጥብ በራች።

 ከሃሴት ለቅሶ ወዲህ አቶ ያብስራን ማንም ደግሞ ለምኗቸው አያውቅም። ያውም ልጃቸው፣ ሥራዋን አደጋ ላይ ጥላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጃኬታቸውን ይዛ። ደረታቸው ሞቀ፣ ብርዱ ጠፋ፣ ጉልበታቸው እንኳ የተሻለው መሰላቸው። በሰው መለመን እንዴት ደስ እንደሚል ረስተውት ኖሯል። ከደስታቸው ብዛት ነው እንግዲህ የሆነው ሁሉ የሆነው። በልባቸው ልብሳቸውን እያሸከፉ፣ የትኛውን ኮት እንደሚይዙና ቁልፉን ለወይዘሮ ሜላት እንደሚሰጡ እየወሰኑ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ በዚያ ለዘብ ባለ፣ ሊሸነፍ አንድ ልመና ብቻ በቀረው፣ የድሮ እንግዳ ተቀባይ ሁሉ በሚያውቀው ድምፅ፦

"ተይ ልጄ፣ አላስቸግርሽም" አሉ።

ዓይኖቻቸው እየሳቁ ነበር። ጠበቋት።

አስካለ አየቻቸው። ዜማውን አውቃዋለች፤ በዚያ ቤት ነው ያደገችው። አንዲት ቃል ብቻ እንደቀረች ታውቃለች። አፏ ተከፈተ። አርባ ምንጭ ሆስፒታል ውስጥ ለሰኞ የተያዙ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አፏ ተዘጋ። ጃኬታቸውን ቀስ ብላ ለቀቀችው፣ አስተካከለችላቸው፣ መኪናው ውስጥ ገባች። መኪናው ዝም ብሎ ሄደ፤ መኪና ሰውን አይለምንም።

አቶ ያብስራ ለመሰናበት ያነሱትን እጅ አላወረዱም። መኪናው አደባባዩን ዞሮ ወደ ሸኖ መንገድ ሲታጠፍ ነው ሦስተኛው እንደማይመጣ የገባቸው። ቅዝቃዜው ከጫማቸው ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ።

ወይዘሮ ሜላት ከበረንዳ ሆነው ሁሉን አይተው ነበር። ነጠላቸውን እየጎተቱ ወረዱ።

"ለመነችህ?"

"ለመነችኝ። በሞቴ አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

"ሁለተኛውን ነዋ ያልኳት" አሉ አቶ ያብስራ። 

ወይዘሮ ሜላት የመንገዱን ጫፍ አዩ። መኪናው አሁን አይታይም፣ ግን ገና ሩቅ አልሄደም። "ስልክህን አውጣ" አሉ። "ደውልላትና እሺ በላት።"

አቶ ያብስራ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። የልጃቸውን ስም አዩት። አውራ ጣታቸው ስሙ ላይ ቆየ። ከዚያ ስልኩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

"ምን ብዬ?" አሉ። "አሁን ማን ለመነኝና?"

ወይዘሮ ሜላት ሊደግሙላቸው አፋቸውን ከፈቱ። አገጫቸውን ዝቅ አድርገው ኮሌታቸውን አዩ። አፋቸውን ዘጉ፤ የአቶ ያብስራን እጅ ይዘው ወደ በሩ መለሷቸው።